ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ የጊዜን ቅደም ተከተል ከምክንያት ለይታችሁ ለማሳየት፣ የቅርብና የሩቅ ምክንያቶችን በተራ ለማያያዝ፣ ለዚህም ተስማሚ የሆኑትን አያያዥ ቃላት መርጣችሁ አጭር ሐተታዊ ድርሰት ለመጻፍ ትችላላችሁ።

መግቢያ

ገላጭ ድርሰት «ነገሩ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሐተታዊ ድርሰት ግን ከዚህ አልፎ «ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገሮችን እንዳያደባልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል። እነርሱም የጊዜ ቅደም ተከተልና የምክንያትና ውጤት ዝምድና ናቸው። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ነገር ግን ፀሐይ የምትወጣው ዶሮ ስለ ጮኸ አይደለም።

በዚህ ምሳሌ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታይ ማንም አይታለልም። በሌላ ጉዳይ ግን ስሕተቱ በቀላሉ አይገለጥም። ምክንያቱ ከተሳሳተ ደግሞ መድኃኒቱም ይሳሳታል። በሽታውን ያላወቀ ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ጥሩ ቢሆንም እንኳ በሽተኛውን አያድንም። የሚከተለው ምንባብ የሚናገረው በሩቅ ደሴቶች ላይ ስለምትገኝ አንዲት ወፍ ነው። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም ለወፏ መጥፋት የቀረቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ በደብተራችሁ ጻፉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

ከቆላው የጠፋችው ወፍ

የሐዋይ ደሴቶች በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሰሜን አሜሪካ የብስ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ከባሕር ሥር በወጣ እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ በመሆናቸው ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዘው አያውቁም። የሚገኙት በሞቃት ቀጠና ነው፤ ይሁን እንጂ ከተራሮቻቸው አንዳንዶቹ እጅግ ከፍተኞች ናቸው። በትልቁ ደሴት ላይ ያለው ማውና ኬያ የተባለው ተራራ 4,207 ሜትር ከፍታ አለው። ስለዚህ በአንድ ደሴት ላይ ቆላም፣ ወይና ደጋም፣ ደጋም፣ ውርጭም ይገኛል።

ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ፊንች ከሚባሉት ትንንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፎች ወገን የሆኑ ጥቂት ወፎች ከእስያ አቅጣጫ ባሕሩን አቋርጠው ወደ እነዚህ ደሴቶች ደረሱ። ዘሮቻቸው በየደሴቱና በየሸለቆው ተበትነው ኖሩ፤ ምግባቸው በተለያየ መጠንም መልካቸው እየተለያየ ሄደ። አንዳንዶቹ ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር ወፍራም ምንቃር፣ አንዳንዶቹ የዛፍ ቅርፊት የሚፈለፍል ጠንካራ ምንቃር፣ ሌሎቹም የአበባ ወለላ የሚመጥ ቀጭን ምንቃር አወጡ። በዚህ ሁኔታ ከአንድ የዘር ግንድ ከ50 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተገኙ።

ከእነዚህ አንዷ ኢኢዊ ትባላለች። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ገላዋ እንደ ፍም ቀይ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር ሲሆን፣ እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠው ረጅም ምንቃሯ ወደ ሮዝ የሚያደላ የብርቱካን ቀለም አለው። ጫጩቷ ግን እንደ እናቷ ቀይ አይደለችም፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቢጫማ ላባ ለብሳ ታድጋለች። ኢኢዊ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ኦሂያ የተባለውን ዛፍ ቀይ አበባ ነው። ወለላውን ስትመጥ የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። በአንድ ስፍራ አበባ ሲያልቅባት አበባ ወደ አለበት ስፍራ፣ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ደጋ ትበራለች።

የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዚህችን ወፍ ላባ እንደ ከበረ ዕቃ ይቆጥሩት ነበር። ወፏን በሙጫ እያጠመዱ ከላባዋ ለአለቆቻቸው ካባና የራስ ቁር ይሠሩ ነበር። በ1779 የትልቁ ደሴት ገዥ ካላኒኦፑኡ የለበሰውን የላባ ካባ አውልቆ ለእንግሊዛዊው መርከበኛ ለጄምስ ኩክ ደርቦለታል። ያ ካባ በውጭ አገር ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ2016 ከኒው ዚላንድ ወደ ሐዋይ ተመልሷል። ለአንድ ካባ የሚፈጀው ላባ እጅግ ብዙ ነበር። እንዲህም ሆኖ ወፏ አላለቀችም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደሴቶቹን የጎበኙ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ኢኢዊን በደኑ ሁሉ በብዛት ከሚታዩት ወፎች አንዷ መሆኗን መዝግበዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ወፏ ከቆላው ጠፋች። ነገሩን ከሩቅ የሚመለከት ሰው «ለላባዋ ሲሉ ፈጇት» ይል ይሆናል። ነገር ግን ቆላውን የለቀቀችው የላባ ካባ መሥራት በቀረበት ዘመን ነው። «ደኑ ስለ ተመነጠረ ነው» የሚልም ይኖራል። በእርግጥም ብዙ የቆላ ደን ለከብት ግጦሽና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲባል ተመንጥሯል፤ ይህም ወፎቹን ጎድቷል። ሆኖም ዛፎቹ እንደ ቆሙ ባሉበት የቆላ ደን ውስጥ እንኳ የወፏ ድምፅ አይሰማም ነበር። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረበት።

በሐዋይ ቀድሞ ቢምቢ አልነበረም። እንደሚተረከው፣ በ1826 ዌሊንግተን የተባለች መርከብ በማዊ ደሴት በላሃይና ስትቆም፣ ከውሃ በርሜሎቿ በተደፋው አሮጌ ውሃ ውስጥ የቢምቢ እጮች ነበሩበት። ቢምቢም ከዚያ ወዲህ በደሴቶቹ ሁሉ ተራባ። ቢምቢ ብቻዋን የወፍን ዘር አታጠፋም። ኋላ ግን ከውጭ አገር የመጡ ወፎች የወፍ ወባን በደማቸው ይዘው ገቡ። ቢምቢዋ የታመመ ወፍ ደም ስትመጥ የበሽታው ተሕዋስ ወደ ሰውነቷ ይገባል፤ በዚያ ካደገ በኋላ ሌላ ወፍ በነከሰች ጊዜ ይተላለፋል፤ የወፉንም ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። ይህ በሽታ ሰውን አይዝም። የሐዋይ ወፎች ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ከእንዲህ ያለ በሽታ ርቀው ስለ ኖሩ የሚቋቋሙበት ኃይል አልነበራቸውም።

ይህ በግምት ብቻ የተባለ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ዋርነር የተባለ ተመራማሪ የሐዋይ ተወላጅ የሆኑ ወፎችን ወደ ቆላ አውርዶ በሽቦ ቤት አኖራቸው። ቢምቢ በማያስገባ ጨርቅ የተጋረዱት በጤና ሲቆዩ፣ ሳይጋረዱ የቀሩት ታመው ሞቱ። ውጤቱን በ1968 በጽሑፍ አወጣ። በ1995 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የኢኢዊን ጉዳት በግልጽ አሳየ፤ በሽታውን የያዘች አንዲት ቢምቢ አንድ ጊዜ ብቻ ከነከሰቻቸው 10 ኢኢዊዎች 9ኙ ሞቱ።

በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ስፍራ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በሐዋይም የወፍ ወባ የቆላ በሽታ ነው። ተሕዋሱ በቢምቢዋ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። በዚህም ምክንያት ከ1,500 ሜትር በላይ ያለው ቀዝቃዛ ደን ለወፎቹ መጠጊያ ሆነላቸው። ነገር ግን ኢኢዊ አበባ ፍለጋ ወደ ታች ስትወርድ ቢምቢ ታገኛታለች። በተጨማሪም ሰዎች ያመጧቸው፣ ኋላም በዱር የተራቡት ዐሣማዎች ዛፍ የሚያህሉትን ፈርኖች ገንድሰው የግንዱን ልብ ይበላሉ። የተቦረቦረው ግንድ እንደ ገንዳ ዝናም ያቁራል፤ ቢምቢም እንቁላሏን ትጥልበታለች።

ዛሬ የምድር ሙቀት እየጨመረ በመምጣቱ ቢምቢና በሽታው ወደ ተራራው እየወጡ ነው። የካዋኢ ደሴት ከፍተኛ ጫፍ 1,598 ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚያ ያሉት ወፎች ከዚህ በላይ የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም፤ የኢኢዊም ቁጥር በዚያች ደሴት በፍጥነት አሽቆልቁሏል። ኢኢዊ ከላናይ ደሴት ፈጽማ ጠፍታለች፤ በኦአሁና በሞሎካይም እጅግ ጥቂት ናት። ከቀሩት ብዙዎቹ የሚኖሩት ከፍተኛ ተራሮች ባሉበት በትልቁ ደሴት ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2017 ኢኢዊን የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች ጋር መዝግቧታል። በ2023 ደግሞ ስምንት የሐዋይ ወፎች ጨርሰው መጥፋታቸውን አስታውቆ ከሚጠበቁት ዝርያዎች መዝገብ አውጥቷቸዋል። ከስምንቱ አንዷ ፖኦኡሊ ናት። ይህች ወፍ በ1973 በማዊ ደሴት ደን ውስጥ ተገኘች፤ ዘሯን ለማትረፍ ተይዛ የነበረችው አንዲቱ በ2004 ሞተች። ከተገኘች እስከዚያች ቀን ያለው ጊዜ 31 ዓመት ብቻ ነበር።

የጥፋቱ ምክንያት በትክክል መታወቁ ትክክለኛውን መድኃኒት ለመፈለግ አስችሏል። ደም የምትመጠው ሴቷ ቢምቢ ናት፤ ወንዱ አይነክስም። ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ የተለየ ዓይነት ያደረበት ወንድ ቢምቢ በዱር ካለችው ሴት ጋር ሲገናኝ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ከ2023 ጀምሮ በማዊ ደሴት ተራሮች እንዲህ ያሉ ወንድ ቢምቢዎች በብዛት እየተለቀቁ ነው። ከዚህም ጋር ደኑን አጥሮ ዐሣማዎችን ማስወጣት ለወፎቹ ከሚደረጉት ጥበቃዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ አዳኝን መከልከልና ዛፍ መትከል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ወፏ በለመለመ ደን ውስጥ በሞተች ነበር።

ለ. ስለ ምንባቡ አጻጻፍ

1. ምክንያትን መመርመር

የምንባቡ ጸሐፊ ወደ ቢምቢዋ ከመድረሱ በፊት ሌሎች ሁለት ምክንያቶችን አቅርቦ መርምሯል። እናንተም አንድን ነገር የሌላው ምክንያት ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ፈትኑት።

አንደኛ፦ ምክንያት የተባለው ነገር እያለ ውጤቱ ሳይታይ ቀርቷልን? የላባ አደን ለረጅም ዘመን ሲካሄድ ወፏ በብዛት ትገኝ ነበር። ስለዚህ አደኑ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፦ ምክንያት የተባለው ነገር ሲወገድ ውጤቱም ይቀራልን? ቢምቢ እንዳያገኛቸው የተጋረዱት ወፎች አልታመሙም። ይህ ከሁሉ የበለጠ ብርቱ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፦ ከምክንያቱ ወደ ውጤቱ የሚያደርሰው መንገድ ሊገለጽ ይችላልን? ምንባቡ ተሕዋሱ ከወፍ ወደ ቢምቢ፣ ከቢምቢ ወደ ወፍ እንዴት እንደሚተላለፍና ደምን እንዴት እንደሚጎዳ በተራ አስረድቷል።

የደኑ መመንጠር ጉዳይ ከአደኑ የተለየ መሆኑን ልብ በሉ። ጸሐፊው ይህን ምክንያት ፈጽሞ አልጣለውም፤ ጉዳት ማድረሱን አምኖ፣ ብቻውን ግን እንደማይበቃ አሳየ። አንድ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉና አንዱን ስታገኙ ሌላውን ለመካድ አትቸኩሉ።

2. የቅርብና የሩቅ ምክንያት

ለወፏ ሞት የቅርብ ምክንያቱ በሽታው ነው። ከበሽታው በስተኋላ ቢምቢ አለች፤ ከቢምቢዋ በስተኋላ ውሃ ያቆረ ግንድ አለ፤ ከግንዱም በስተኋላ ዐሣማ አለ። እነዚህ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቀለበት ሲዘለል ዐረፍተ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ ይሆናል። «ዐሣማ በመራባቱ ወፏ አለቀች» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሐሰት አልጻፈም፤ ነገር ግን አንባቢው ዐሣማ ወፍ ይበላል ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

1. «ስለ» ከስምና ከግሥ ጋር። «ስለ» ከስም ጋር ሲገባ የሚነገርበትን ጉዳይ ያመለክታል፤ ከግሥ ጋር ሲገባ ግን ምክንያትን ያመለክታል።
   ምሳሌ፦ ስለ ወፏ ተናገረ። (ጉዳይ)
   ምሳሌ፦ ወፏ ስለ ጠፋች አዘነ። (ምክንያት)

2. «ከ… በኋላ»። ይህ የሚያመለክተው ጊዜን ብቻ ነው። «ቢምቢ ከገባ በኋላ ወፏ ጠፋች» የሚለው ዐረፍተ ነገር የትኛው እንደ ቀደመ ይነግረናል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አይነግረንም።

3. ቦዝ አንቀጽ። ቦዝ አንቀጽ ለጊዜም ለምክንያትም ስለሚያገለግል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «ቢምቢ ነክሷት ሞተች» ሲባል ሁለት ትርጉም ሊሰጥ ይችላል፤ በመጀመሪያ ነከሳት፣ ቀጥሎም ሞተች ማለት ነው፤ ወይም የሞተችው ስለ ነከሳት ነው ማለት ነው። በንግግር ጊዜ አድማጩ ከሁኔታው ይረዳል። በጽሑፍ ግን ምክንያትን ለማመልከት ስትፈልጉ «ስለ»ን፣ «በ… ምክንያት»ን ወይም «ከ… የተነሣ»ን ብትጠቀሙ አሻሚነቱ ይወገዳል።

4. ምክንያትና ዓላማ። «ስለ» ምክንያትን ሲያመለክት «እንድ-» ዓላማን ያመለክታል።
   ምሳሌ፦ ቢምቢ ስለ በዛ ወፎቹ ታመሙ። (ምክንያት)
   ምሳሌ፦ ወፎቹ እንዲድኑ ወንድ ቢምቢዎች ተለቀቁ። (ዓላማ)

5. ያልተጠበቀ ውጤት። ምክንያቱ እያለ የሚጠበቀው ውጤት ሳይደርስ ሲቀር «ሆኖም»፣ «ቢሆንም»፣ «እንዲህም ሆኖ» የሚሉትን እንጠቀማለን። በምንባቡ ውስጥ «እንዲህም ሆኖ ወፏ አላለቀችም» የሚለውን ተመልከቱ። የላባውን ምክንያት የሚያፈርሰው ይህ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው።

መ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በአንድ የሐዋይ ደሴት ላይ ቆላም ደጋም ሊገኝ የቻለው ለምንድን ነው?
2. የኢኢዊ ጫጩት ከእናቷ የምትለየው በምንድን ነው?
3. ቢምቢዋ ብቻዋን ለወፏ መጥፋት በቂ ምክንያት ያልሆነችው ለምንድን ነው?
4. ቀዝቃዛው ደን ለወፎቹ መጠጊያ የሆነው እንዴት ነው?
5. በካዋኢ ያሉት ወፎች በትልቁ ደሴት ካሉት ይልቅ የባሰ አደጋ ላይ የወደቁት ለምንድን ነው?
6. ቢምቢን ለመቀነስ ሌላ ቢምቢ መልቀቅ ምን ጥቅም ይሰጣል? አስረዱ።

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ተርጉሙ፤ ከዚያም በየቃላቱ ሌላ ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።

ወለላ፣ የራስ ቁር፣ ተመነጠረ፣ እጭ፣ መጠጊያ፣ አሽቆለቆለ

መልመጃ ሦስት። ከሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ጊዜን ብቻ የሚያመለክቱትን፣ ምክንያትን የሚያመለክቱትንና አሻሚ የሆኑትን ለዩ። አሻሚ የሆኑትን ምክንያትን ብቻ እንዲያመለክቱ አድርጋችሁ እንደገና ጻፏቸው።

1. ዝናሙ ካባራ በኋላ ወፎቹ መዘመር ጀመሩ።
2. ደኑ ተመንጥሮ ምንጩ ደረቀ።
3. ሙቀቱ በመጨመሩ ቢምቢ ወደ ተራራው ወጣ።
4. ካባው ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሰው ሊያየው መጣ።
5. ልጁ ውሃ ጠጥቶ ታመመ።

መልመጃ አራት። ድርሰት።

በምትኖሩበት አካባቢ ቀድሞ የነበረ፣ ዛሬ ግን የጠፋ ወይም የቀነሰ አንድ ነገር ምረጡ። ወፍ፣ ዛፍ፣ ዓሣ፣ ምንጭ ወይም የግጦሽ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ የጠገቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን በአክብሮት ጠይቁ፤ ነገሩ መቼ እንደ ቀነሰ፣ ለምን እንደ ቀነሰም የሚሉትን መዝግቡ። የነገሯችሁን ምክንያቶች ከላይ በተሰጡት ሦስት ጥያቄዎች ፈትኗቸው። ከዚያም አራት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ነገሩ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ግለጹ፤ በሁለተኛው አንቀጽ ሰዎች የሚሰጡትን ምክንያት አቅርባችሁ መርምሩ፤ በሦስተኛው አንቀጽ ፈተናውን ያለፈውን ምክንያት ከቅርቡ ጀምራችሁ እስከ ሩቁ በተራ አስረዱ፤ በአራተኛው አንቀጽ ከምክንያቱ ተነሥታችሁ መድኃኒቱን አመልክቱ።

ድርሰታችሁን ጨርሳችሁ ስታነቡት «ስለ» እና «በኋላ» የሚሉትን ቃላት ሁሉ አስምሩባቸው። በእያንዳንዱ «ስለ» ፊት ቆም ብላችሁ ማስረጃው የት እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ። ማስረጃ ያላገኛችሁለትን «ስለ» ሰርዛችሁ በምትኩ «በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የተጻፈ ድርሰት ምናልባት ያጥር ይሆናል፤ ነገር ግን የተናገረው ሁሉ የሚታመን ይሆናል።